ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገሬና ስለ ሁለተኛው ፎቅ ቧንቧ

ለክቡር የይቅርታ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በእኔ እጅ የተጻፈች፣ የእኅቴን ልጅ ግን ለገመድ ያቀረበች አንዲት ዓረፍተ ነገር እንድትመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የማይቋረጥ፣ የተቀመጡበትም ወንበር የማይነቃነቅ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ላይ ማውጣቴ ክቡርነትዎን ለማሳጣት ታስቦ የተደረገ እንዳይመስልዎ። በቀጥታ የላክኋቸው አሥራ አራት ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤትዎ ተስማምተው እየኖሩ ስለሆነ፣ አሥራ አምስተኛው ገብቶ እንዳያጣብባቸው ብዬ ነው።

ክቡርነትዎ በመልክ አያውቁኝም እንጂ ለሠላሳ አንድ ዓመት ሲያነቡኝ ኖረዋል። ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና «ረ» የምትባለው ፊደሏ የምትዘል አንድ ታይፕ ይዤ የሰው ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። የአካባቢው ሰው «አባ ማመልከቻ» ይለኛል። ከጠረጴዛዬ እግር አንዱ ስላጠረ አንድ ባለጉዳይ ጥሎት በሄደ፣ አራት ጊዜ በታጠፈ የመጥሪያ ወረቀት ደግፌዋለሁ። እስካሁን አላጋደለም፤ ከፍርድ ቤት የወጣ ወረቀት ሰው ሲደግፍ ያየሁት በዚህ ጠረጴዛ ሥር ብቻ ነው ብል ግን ነገር ፍለጋ ይሆንብኛልና አልልም።

ስለ ራሴ ይህን ያህል ካልኩ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ እጀምራለሁ።

ከአምስት ዓመት በፊት በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ቡሎን እያለ የሚጠራው የታናሽ እኅቴ ልጅ፣ ብቻቸውን ይኖሩ በነበሩ በአንድ ጡረተኛ የመድኃኒት ባለሙያ ቤት የወጥ ቤት ቧንቧ ጠገነ። ቡሎን ያን ጊዜ የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ እጁ የማይታማ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ጉድለቱ አንድ ነው፤ በሠራበት ቤት ሁሉ አንድ መሣሪያ ረስቶ ይወጣል። ሚስቱ በየሳምንቱ ቅዳሜ ቤት ለቤት እየዞረች መፍቻና ፒንሳ ትለቅም ነበር። ያን ዕለትም ትልቁን የቧንቧ መፍቻውን ረሳው። ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ገብቶ ሽማግሌውን በዚያው መፍቻ መትቶ ገደላቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ ደግ ሰው እንደነበሩ ሰምቻለሁ። አንዲት ጎረቤት ጩኸት ሰምታ ሰዓቷን አየች፤ በመስኮት ብትመለከት ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው ከኋላው አየች። በዚህ ከተማ ሰማያዊ ቱታ የማይለብስ ሠራተኛ ቢፈለግ የሚገኘው ምናልባት በክቡርነትዎ ፎቅ ላይ ነው።

እንግዲህ በዚያው ማክሰኞ፣ በዚያው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ቡሎን የት ነበር? ክቡር ሆይ፣ ክቡርነትዎ ዘንድ ነበር። በመሥሪያ ቤትዎ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከቢሮዎ በስተግራ ባለው መታጠቢያ ቤት፣ ከገንዳው ሥር በጀርባው ተንጋሎ የፈነዳ ቧንቧ ይጠግን ነበር። መፍቻውን ስለረሳም ከመሥሪያ ቤቱ ሾፌር መፍቻ ተውሶ ነበር። ሲገባም ሲወጣም በበሩ መዝገብ ላይ ፈርሟል፤ የገባው ስምንት ሰዓት ከአርባ፣ የወጣው አሥር ሰዓት ከሃምሳ።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ሰው እንዴት ሞት ይፈረድበታል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር የመሥሪያ ቤትዎን አሠራር የማያውቅ የዋህ ነው። ክቡርነትዎ ዘንድ ባለሙያ የሚገባው በደብዳቤ ነው። ያን ዕለት ግን ውኃው ኮሪደሩን አጥለቅልቆ ወደ ደረጃው ሲወርድ፣ የጠቅላላ አገልግሎቱ ኃላፊ ደብዳቤ እስኪፈረም ቢጠብቁ ደብዳቤውም እንደሚንሳፈፍ ስለታያቸው፣ ቡሎንን በስልክ ጠሩት። ሥራው ተሠራ፤ ውኃው ቆመ። ደብዳቤው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ተጽፎ፣ ቀኑም የተፈረመበት ዕለት ተብሎ ተጻፈበት። ስለዚህ በወረቀት ቡሎን ቧንቧውን የጠገነው ከታሰረ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ኃላፊው ለምስክርነት ሲጠሩ፣ ያለ ደብዳቤ ሰው አስገቡ ተብሎ የማስጠንቀቂያ ወረቀት እንዳይጻፍባቸው ፈርተው፣ አላስታውስም ብለው ወረዱ። ሰው ነው፤ ሰው ይፈራል። አንዱ ወረቀት ፈራ፣ ሌላው ገመድ ደረሰው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ወይም መሥሪያ ቤትዎ ደስ እንዲለው ብዬ ልለውጠውና ምስጋናዎቼን፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ሠላሳው ቀን። አዲስ ማስረጃ መቅረብ ያለበት ፍርዱ በተሰጠ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንደሆነ በጽሑፍ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። የጠቅላላ አገልግሎቱ ኃላፊ ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ከእንግዲህ ማስጠንቀቂያ የሚጽፍባቸው እንደሌለ ሲያረጋግጡ፣ አንድ ቀን መጥተው እፊቴ ተቀመጡ። የሆነውን ሁሉ ከመፍቻው ውሰት ጀምሮ እያለቀሱ አጻፉኝ። ቆጥሬዋለሁ፤ ፍርዱ በተሰጠ በአራት መቶ አሥራ ሁለተኛው ቀን ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ መሥሪያ ቤትዎ ግን ለንጋቱ የሠላሳ ቀን ቀጠሮ ሰጥቶት፣ ባለመቅረቡ መዝገቡን ዘጋበት። በዚህም ላይ የተላከልኝ መልስ፣ ማስረጃው በፍርዱ ጊዜ የነበረ ከሆነ ያኔ መቅረብ ነበረበት፣ ያኔ ያልነበረ ከሆነ ደግሞ አሁን ዘግይቷል ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈውን ባለሙያ አድራሻ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ሁለት በር ያለው፣ በሁለቱም በኩል የማያስገባ ዓረፍተ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

፪ኛ. ስለ በሩ መዝገብ። ፍርድ ቤቱ መዝገቡ ይቅረብ ብሎ ሲያዝ መሥሪያ ቤትዎ «በመፈለግ ላይ ነው» ሲል መለሰ። አምስት ዓመት ሊሆነው ነው። ክቡርነትዎ ፈላጊዎቹን ምን ያህል እንዳደከማቸው ሳስበው እጅግ አዝናለሁና ልርዳዎ፦ ምድር ቤት ካለው ዕቃ ግምጃ ቤት፣ በሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከተሰበረው ቬንትሌተር ሥር፣ ጀርባው ቀይ የሆነው ነው። ያስቀመጡት ራሳቸው ጡረተኛው ኃላፊ ናቸው። ይህን ከነገርኩዎ ወራት አልፈዋል። መልሱም የደረሰኝ በቶሎ ነው፤ የበር መዝገብ ለጥበቃ ሥራ እንጂ ለፍርድ ሥራ አልተዘጋጀም የሚል። ልክ ነው። የቧንቧ መፍቻም ቧንቧ ለመፍታት እንጂ ለማስረጃነት አልተዘጋጀም ነበር፤ እሱ ግን ፍርድ ቤት ሲጠራ በደህና ቀርቧል።

፫ኛ. ስለ ፎርሙ ሰባተኛ ቁጥር። የይቅርታ መጠየቂያው ፎርም ሰባተኛ ቁጥር «የተጸጸቱበትን ጥፋት ይግለጹ» ይላል። ቡሎን በዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚጽፍ ብዙ አሰበ። ዋሽቼም ቢሆን ልሙላው ብሎ ልጅነቱን ሁሉ ቢያስስ፣ ያገኘው አንድ ጊዜ ከእኔ ጠረጴዛ ካርቦን ወረቀት መስረቁን ነው። ያን ጻፈ። ፎርሙ አልተሟላም ተብሎ ተመለሰ። ከማብራሪያው እንደተረዳሁት፣ ይቅርታ የሚደረገው ላጠፋ ሰው ነው፤ ያላጠፋ ሰው ይቅር የሚባልለት ነገር ስለሌለው መሥሪያ ቤትዎን አይመለከትም። እንከን የማይወጣለት አስተሳሰብ ነው። ገዳይ ከተጸጸተ ይድናል፤ ንጹሕ ሰው ግን የሚጸጸትበት ስላጣ ይሰቀላል።

አራተኛውን ከመጻፌ በፊት መነጽሬን መወልወል አለብኝ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ተከሳሹ ክቡርነትዎ አይደሉም። እኔ ነኝ።

፬ኛ. ስለ ዓረፍተ ነገሬ። ፎርሙ በተመለሰ ዕለት፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ የማመልከቻ ደብዳቤ ተያይዞ ካልቀረበ ጉዳዩ እንደሚዘጋ ተነገረን። በእኛ ሙያ ማመልከቻ ሁሉ ከባዶ አይፈጠርም። ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ የናሙና ፋይል አለ፤ ለቤት ኪራይ ክርክር አንድ፣ ለፍቺ አንድ፣ ለውኃ ቆጣሪ አንድ፣ ለይቅርታ አንድ። ስምና ዕድሜ እየቀየርኩ እገለብጣለሁ። የይቅርታው ናሙና የሚጀምረው «በፈጸምኩት ከባድ ጥፋት ከልብ ተጸጽቼ ከክቡርነትዎ እግር ሥር በመውደቅ» ብሎ ነው። ስንት ሌባ፣ ስንት አጭበርባሪ በዚያች ዓረፍተ ነገር ከእስር ወጥቷል፤ እኮራባትም ነበር። ያን ቀን ዓይኔ እያለቀሰ ስለነበር ወረቀቱን አላየሁትም። ጣቴ የሚያውቀውን ጻፈ። ሮጬ ማረሚያ ቤት ወሰድኩለት፤ ቡሎንም ሳያነብ ፈረመ። የአሥራ አንድ ሰዓቷን ቀጠሮ በሩብ ሰዓት ቀድመን አስገባን፤ ደስም ብሎን ነበር።

ስሕተቴን ያየሁት ማታ ቤቴ ገብቼ የራሴን ቅጂ ሳነብ ነው። በማግስቱ ጠዋት በርዎ ሲከፈት የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ፤ ማስተካከያ ጽፌ መጣሁ። ከአመልካቹ ፊርማ በኋላ የሚቀርብ ማስተካከያ ተቀባይነት የለውም ተባልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ለካ የእጅ ወለምታ አልገጠማቸውም። በመሳቢያዬ ውስጥ የጽሕፈት ስሕተት የሚሸፍን ነጭ ቀለም አለኝ፤ በወረቀት ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ወረቀቱ ግን ክቡርነትዎ ዘንድ ነው።

ከዚያም የባለሙያዎችዎ የውሳኔ ሐሳብ ደረሰን። እንዲህ ይላል፦ አመልካቹ ጥፋቱን በራሱ ፊርማ ስላመነ ንጹሕ ነኝ የሚለው አቤቱታ ተዘግቷል፤ ጸጸቱ ግን ዘግይቶ የመጣ በመሆኑ ይቅርታ አያሰጠውም። ክቡር ሆይ፣ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሆኖም አንዲት ዓረፍተ ነገር ከመሐሏ ተቀድዳ፣ ጥፋቷ ተቀባይነት አግኝቶ ጸጸቷ ሲመለስ ያየሁት ገና አሁን ነው። ጥፋቱን ካመኑት ጸጸቱንም ይመኑት፤ ጸጸቱን ካላመኑት ጥፋቱንም ይመልሱልኝ። ሁለቱንም በአንድ እስትንፋስ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱም የእኔ እንጂ የእሱ አይደሉም።

የውሳኔ ሐሳቡ የደረሰ ሳምንት ቡሎንን ልጠይቀው ሄድኩ። ከሽቦው ወዲያ ቆሞ ሲያየኝ ሊሰድበኝ መብት ነበረው፤ እኔም ተዘጋጅቼ ነበር። ሳያነብ ለምን እንደፈረመ ብቻ ጠየቅሁት።

«አጎቴ፣ እርስዎ የጻፉትን እኔ ምን ብዬ አነባለሁ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ለማንም ሳላስነብብ አላስፈርምም። ደንበኞቼ አባ ማመልከቻ አረጀ፣ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ያነባል እያሉ ያሙኛል።

እኅቴም አልሰደበችኝም። በየጠዋቱ ትመጣና ለባለጉዳይ በተዘጋጀው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ባለጉዳዮቼ ቆመው ያጽፋሉ። ቀኑን ሙሉ የምትናገረው አንዲት ነገር ነው፤ ያቺን ነገር አስጠፋኻት ወይ ትለኛለች። ገና ነው እላታለሁ። እሺ ትልና የታይፑን ድምፅ ታዳምጣለች። ክቡርነትዎ ቢሰድቡኝ እችለዋለሁ፤ ይህን ግን አልቻልኩትም።

፭ኛውን በአጭሩ። ከመሥሪያ ቤትዎ ያለ ፎርም፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ ቀጠሮ፣ ሰባተኛ ቁጥርንም ሳይሞላ ሙሉ ይቅርታ ያገኘ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ሽማግሌውን የገደለው ነው። ቡሎን በተሰቀለ ማግስት የሚፈልገው እንኳ አይኖርም። እንዲህ ያለውን ቀልጣፋ አገልግሎት ለእኛም ቢያዳርሱን ብለን እንቀናለን።

ክቡር ሆይ፣ እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ የወረቀት ሰው ነኝ። ሆኖም ወረቀት ለሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረኝን አንድ ነገር ልንገርዎ። ፍርድ ቤት ቤት ተሳስቶ ቢወስድ ቤቱን ይመልሳል። ዓመታት ተሳስቶ ቢወስድ ዓመታቱን ባይመልስም በሩን ከፍቶ ተሳስተናል የሚል ደብዳቤ ይሰጣል፤ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ሲደርሷቸው አይቻለሁ፣ ሰዎቹ እየደጋገሙ ያነቧቸዋል። በገመዱ ጊዜ ግን ደብዳቤው ለማን ይጻፋል? በፖስታው ላይ ምን አድራሻ ይሰፍራል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ የምለምንዎ ለዚህ ነው። አንድ ቀን መሥሪያ ቤትዎ ያንን ደብዳቤ ማጻፍ ፈልጎ ወደ እኔ ቢመጣ፣ አስቀድሜ ላሳውቅዎ፣ አልጽፍም። ተቀባይ የሌለው ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም።

ጉባኤዎ በቡሎን ጉዳይ የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው በሚመጣው ሐሙስ ነው። የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከሐሙስ በፊት አንድ ሰው ምድር ቤት ወርዶ ቬንትሌተሩን ያንሳ። ጀርባው ቀይ የሆነውን መዝገብ ከፍቶ የዚያን ማክሰኞ ገጽ ያንብብ፤ ደረጃው አሥራ ስምንት ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ጡረተኛው ኃላፊም በጉባኤው ፊት ቀርበው ለመናገር ዝግጁ ናቸው፤ እንዲያውም በዚህ ዕድሜዬ ማስጠንቀቂያ ቢጻፍብኝ ፍሬም አስገጥሜ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ ብለዋል። እኔንም ያቺን ዓረፍተ ነገር በመጻፌ የምቀጣበት አንቀጽ ካለ ፈልገው ይቅጡኝ፤ የራሴን ፎርም ሰባተኛ ቁጥር እስከ ጠርዙ ድረስ ሞልቼ አቀርባለሁ። እሷን ብቻ ይመልሱልኝ።

አሥራ አራት ደብዳቤ በትዕግሥት ላስቀመጡልኝ፣ አንዱንም ላልጣሉብኝ፣ አንዱንም ላላነበቡብኝ ክቡርነትዎ፣ ወረቀቱ እንጂ አክብሮቴ ሳያልቅ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ እሰናበታለሁ፤ ወገቤ ከዚያ በላይ አይታጠፍም።

የዘወትር ጸሐፊዎ
አባ ማመልከቻ

ግልባጭ፦
— ለእኅቴ፣ በወንበሯ ላይ
— ለበሩ መዝገብ፣ ከቬንትሌተሩ ሥር

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ ቡሎን ስጠይቀው ሁሌም መጨረሻ ላይ የሚያነሣው ስለዚያ ቧንቧ ነው፤ አሁንም ይንጠባጠብ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት ለጉዳይ ስመጣ ገብቼ አየሁት፤ ጠብታ የለውም፣ ነግሬው ደስ አለው። በውስጡ ያለው ጎማ ግን በየአምስት ዓመቱ መለወጥ እንዳለበትና ጊዜው እንደደረሰ ለክቡርነትዎ እንዳሳውቅ አደራ ብሎኛል። እስከዚያው ስለማይበላሽ አያስቡ። ሐሙስ ዕለት ፈርመው እጅዎን ለመታጠብ ሲገቡ ውኃው ያለ ችግር ይወርድልዎታል። ቧንቧው በዚያ ማክሰኞ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የተጠገነ ነው።